ለገጠር የሚሆን የኢ-ለርኒንግ ምርጥ ተሞክሮ እንዴት ይለያል?

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ የልማት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ በዲጂታል ትምህርት ላይ ምርጥ ተሞክሮ ቀምሮ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው አዲስ መሣሪያ ወደ ተተከለበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሲደርስም ክፍሉ ተጠርጎ፣ ተማሪዎች በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው፣ ርእሰ መምህሩ አጭር ሪፖርት ይዘው ይጠብቁታል። ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ማስታወሻ ይያዛል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተሞክሮው እንዲስፋፋ ለሌሎች ቀበሌዎች ይላካል። በዚህ መንገድ የተስፋፉ ሥራዎች በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ የሚከስሙት ባለሙያው መሣሪያውን አይቶ ትምህርቱን ሳያይ በመመለሱ ነው። የሚከተለው መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ፣ እንዲሁም በውጭ አገር ሆኖ ለትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ለመላክ ገንዘብ ለሚያሰባስብ ወገን ነው። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሌላ ቦታ ተወስዶ በእኛ ገጠር ሊሠራ የሚገባው አሠራር የትኛው ነው?

በቅድሚያ «ኢ-ለርኒንግ» የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት፣ በተራ ስልክ የሚደረግ ጥሪ፣ በሜሞሪ ካርድ ተጭኖ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ቪዲዮ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አነስተኛ ሰርቨር፣ በባትሪ የሚሠራ ፕሮጀክተር ሁሉም የዚሁ ሥራ አካል ናቸው። ኢንተርኔትን ብቻ የሚፈልግ ሰው ለገጠሩ ከሁሉ የሚቀርበውን አሠራር ሳያየው ያልፋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሄድዎ በፊት የሚፈልጉትን ለውጥ ይጻፉ

ወደ ቦታው ከመውጣትዎ በፊት ማን፣ ምን እንዲችል እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የተማሪዎችን የዲጂታል ክህሎት ማሳደግ» የሚለው ሐረግ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ምንም ነገር ቢያዩ ግቡ ተሳክቷል ለማለት ያስችላልና። «የ3ኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈ አጭር አንቀጽ አንብበው ሐሳቡን እንዲናገሩ» ወይም «አርሶ አደሮች ጤፍን በመስመር ሲዘሩ የዘሩንና የማዳበሪያውን መጠን በትክክል እንዲጠቀሙ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ሲደርሱ ምን እንደሚጠይቁ ይነግርዎታል።

ይህ ቅድመ ዝግጅት የቢሮ ሥርዓት ብቻ የሚመስለው ሰው የፔሩን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል። የፔሩ መንግሥት «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚለው እንቅስቃሴ አማካይነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን፣ በተለይም ለድሃ የገጠር ትምህርት ቤቶች አከፋፈለ። በ319 የገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና ውጤቱ በ2012 የወጣው ጥናት፣ መሣሪያው በእርግጥም ልጆቹ እጅ መድረሱንና አጠቃቀሙም በእጅጉ መጨመሩን አረጋገጠ፤ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ግን ለውጥ አላገኘም። በዚያን ጊዜ የስርጭቱን ሪፖርት ብቻ ያነበበ ሰው «ምርጥ ተሞክሮ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ቆጥሮ ያገኘው ግን ላፕቶፕ ነበር።

ማንም ሳይጠብቅዎ ይሂዱ

የልምድ ልውውጥ ጉብኝት አስቀድሞ የተነገረበት ቀን የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው። ስለዚህ ከኦፊሴላዊው ጉብኝት በተጨማሪ አንድ ተራ ሳምንት ይምረጡ፤ ቢቻል ፕሮጀክቱን የጀመረው ድርጅት ከወጣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈበት ቦታ ይሁን። ፈቃድና አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ «የዕለቱን ሥራ እንዳለ ለማየት ነው የመጣነው» ብሎ አስቀድሞ ማስረዳት አስተናጋጆቹንም ከጭንቀት ያድናል።

በዚህ ጉብኝት በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቁልፉ ይሁን። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ በርእሰ መምህሩ ኪስ ከሆነና እሳቸው ወረዳ ለስብሰባ ሲሄዱ ክፍሉ ተዘግቶ የሚውል ከሆነ፣ በሪፖርቱ «በሳምንት 5 ቀን አገልግሎት ይሰጣል» ተብሎ የተጻፈው ስንት ቀን እንደሆነ እዚያው ይገባዎታል። ቀጥሎ የአጠቃቀም መዝገቡን ይመልከቱ፤ ሁሉም መስመር በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ከሆነ ለጉብኝቱ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ራሱም ይናገራል። ታብሌት ሲከፈት መጨረሻ ላይ የታየው ትምህርት ቀኑን ይዞ ይገኛል፤ የሶላሩ ፓነል አቧራ ለብሶ ከሆነ ማንም ሲጠርገው አልሰነበተም ማለት ነው። የተበላሸ ዕቃ መኖሩ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም፤ በሥራ ላይ ያለ ነገር ይበላሻልና። ዋናው ነገር የተበላሸው የት እንደሚጠገን፣ ማን እንደሚወስደውና ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

ጊዜውንም በጥንቃቄ ይምረጡ። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ በገበያ ቀን ትልልቆቹ አይገኙም፤ በክረምት ደግሞ ሰማዩ ስለሚደመን ሶላር ይዳከማል። ጥሩ አሠራር እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ አስቦ የገባ ነው። ለምሳሌ በብዙ የኦርቶዶክስ ተከታዮች መንደሮች በወርኃዊ በዓላት ሞፈርና ቀንበር ስለማይነሣ፣ የቪዲዮ ትምህርትን በእነዚያ ቀናት ማድረግ ለአርሶ አደሩ ከሥራ ቀኑ ምንም አይወስድበትም። እንዲህ ያለው ማስተካከያ በፕሮጀክት ሰነድ ላይ እምብዛም አይጻፍም፤ የአንድን ተሞክሮ ጥንካሬ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መማራቸውን በራስዎ ያረጋግጡ

የዚህ ሥራ ልብ ያለው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በ2012 ይኸው የላፕቶፕ እንቅስቃሴ በኦሮሚያ ክልል በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በሶላር የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ወዲያው መሣሪያውን ራሳቸው መክፈታቸውና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዘመር መጀመራቸው በዓለም ዙሪያ ተዘገበ። የልጆቹ ብልህነት የሚያኮራ ነው፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን ታብሌት መክፈት፣ ፊደል በዜማ ማለትና ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ሦስት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ወላጅ ከትምህርት የሚጠብቀውም ሦስተኛውን ነው።

ከዚህ ጋር በታንዛኒያ ታንጋ ክልል የተካሄደውንና በ2019 አሸናፊዎቹ የታወቁበትን ዓለም አቀፍ የታብሌት ትምህርት ውድድር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ ወደ 170 በሚጠጉ መንደሮች ለሚኖሩ ወደ 2700 የሚሆኑ ልጆች በስዋሂሊ የተዘጋጁ የማንበብ፣ የመጻፍና የሒሳብ ትምህርቶች በታብሌት ተሰጡ። ከመጀመራቸው በፊት ልጆቹ ተፈተኑ፤ ከ10 ልጆች 9ኙ አንዲት የስዋሂሊ ቃል እንኳ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከ15 ወራት በኋላ በድጋሚ ሲፈተኑ የማይችሉት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይህ ውጤት ትልቅ ነው፤ አሁንም ግማሽ ያህሉ እንዳልቻሉም በግልጽ ያሳያል። መነሻው ስለተለካ ነው ስኬቱም ጉድለቱም በአንድነት የታየው።

እርስዎ የምርምር ተቋም አቅም አያስፈልግዎትም። ለንባብ ትምህርት ከሆነ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የተወሰደ 60 ቃላት ያህል ያለው ታሪክ በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ከስም ዝርዝሩ ላይ በየአምስተኛው ስም ልጆችን ይምረጡ፤ ምርጫውን ለመምህሩ ከተዉት ጎበዞቹ ብቻ ይቀርቡልዎታል። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ያንብብ፣ ከዚያም ሦስት ጥያቄ ይመልስ። ይህንኑ ወረቀት መሣሪያው በሌለበት፣ ነገር ግን በኑሮና በመምህራን ብዛት በሚመሳሰል በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ይድገሙት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፍጹም ማስረጃ ባይሆንም፣ ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ ወደ እውነቱ ያቀርብዎታል።

ለትልልቅ ሰዎች ትምህርት ፈተናው ያለው ማሳው ላይ ነው። በዚህ ረገድ ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በኢትዮጵያ ያካሄደው አሠራር በደንብ ሊጠና ይገባዋል። አጫጭር ቪዲዮዎቹ የሚቀረጹት በአካባቢው፣ የሚናገሩትም ራሳቸው የአካባቢው አርሶ አደሮች ናቸው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቪዲዮውን በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለቡድን እያሳየ በመሃል ያቆማል፣ ይጠይቃል፣ ያወያያል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን በማሳው ላይ እንደተገበረው ሄዶ ያረጋግጣል። ስንት ሰው ተመለከተ የሚለው ቁጥርና ስንት ሰው ተገበረ የሚለው ቁጥር በዚህ አሠራር ተለያይተው ይመዘገባሉ። እርስዎም አንድ አርሶ አደር «አዎ፣ ተምረናል» ሲሉዎት አክብረው ያመስግኑና ማሳቸውን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ትምህርቱን ትተውት ከሆነም ለምን እንደተዉት መስማት ትልቅ እውቀት ነው፤ በመስመር መዝራት የሚጠይቀው የሰው ጉልበት በቤታቸው የለ ይሆናል፤ ያን ደግሞ የትኛውም ቪዲዮ አይፈታውም።

ከመሣሪያው አጠገብ ያለውን ሰው ይፈልጉ

በአገራችን የ«ፕላዝማ» ትምህርት ከ2004 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ሲተላለፍ ያሰበው መልካም ነገር ነበር፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ እንኳ የኬሚስትሪውን ሙከራ በዓይኑ እንዲያይ ነው። በአሠራሩ ግን የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ይወስድ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል፤ ያልገባው ተማሪ ቢኖር መምህሩ ሊያስቆመውና ሊያስረዳ አይችልም፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት በዚያው ያመልጣል። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ የሚያነሣው ቅሬታ አለው። ከዚህ የምናገኘው መለያ ግልጽ ነው፦ ጥሩ የዲጂታል ትምህርት መምህሩ እንዲያቆመው፣ እንዲደግመውና በራሱ ቋንቋ እንዲያብራራው ይፈቅዳል።

ሰው ያለው ክብደት በትንሹም ቴክኖሎጂ ላይ ይታያል። በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት በቦትስዋና ከ4500 በላይ ቤተሰቦችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከላቸው፤ ለሌሎቹ ግን መልእክቱ ላይ የመምህር የስልክ ጥሪ ተጨመረ። ጥሪ የተጨመረላቸው ልጆች በሒሳብ ሲሻሻሉ፣ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን በሚታይ ደረጃ አልተለወጡም። በተራ ስልክ የሚሰማ፣ ልጁን በስሙ የሚጠራና «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» የሚል ድምፅ ብዙ ውድ መሣሪያ ያላመጣውን ለውጥ አመጣ።

ስለዚህ በሚጎበኙት ቦታ የሚያስተባብረውን ሰው ለብቻው ያነጋግሩ። ስንት ቀን ሠልጥኗል? ከሥልጠናው በኋላ ማን መጥቶ ሲያስተምር አይቶታል? የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ይህን ሥራ በክትትል ቅጹ ላይ አካትቶታል ወይስ «የፕሮጀክት ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል? መምህሩ ቢዛወር ሥራውን የሚረከብ ሁለተኛ ሰው አለ? አንድ ትጉህ መምህር ብቻውን ተሸክሞት የቆመ ሥራ የሚደነቅ ነው። እንደ ተሞክሮ ሲቀመር ግን መምህሩን ወደ ሌላ ቀበሌ ማባዛት እንደማይቻል በግልጽ መጻፍ አለበት።

ቋንቋው ማን የሚናገረው ነው?

በአዲስ አበባ የተዘጋጀ አማርኛ ሁልጊዜ የጎንደር ወይም የወሎ አርሶ አደር የሚናገረው አማርኛ አይደለም፤ የአረሙ፣ የተባዩና የእርሻ መሣሪያው ስም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ይዘቱን ለአምስት ተጠቃሚዎች አሰምተው በራሳቸው አባባል እንዲነግሩዎ ይጠይቁ፤ የተተረጎመ ጽሑፍ ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል። የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር 8028 በ2014 ሲጀመር ያለ ክፍያ፣ በተራ ስልክ፣ ቁጥር በመጫን፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ ተደርጎ መዘጋጀቱ ማንበብ ለማይችለውም ሰው በር ከፍቷል። የማንበብ ችሎታን ቅድመ ሁኔታ ያላደረገ ማንኛውም አሠራር በግምገማዎ ላይ ተጨማሪ ነጥብ ይገባዋል።

በዝርዝሩ ላይ የሌሉትን ይጠይቁ

የተሳታፊዎችን ስም ዝርዝር ይዘው ከቀበሌው አስተዳደር ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በየጎጡ ያስተያዩት። ከመንገድ የራቀው ጎጥ ስንት ሰው ልኳል? እማወራዎች አሉበት? በቤቱ ያለው አንድ ስልክ ባልየው ይዞት ገበያ የሚሄድ ከሆነ፣ በስልክ የሚሰጠው ትምህርት ለሚስቲቱ አልደረሰም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት የኮምፒውተር ክፍል ውኃ ለመቅዳት ወደ ቤት የምትሮጠውን ልጃገረድ ያስቀራታል፤ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ልጅም በአብዛኛው አይታሰብም። ሴቶቹን ሴት ባለሙያ ወንዶች በሌሉበት ብታነጋግራቸው የሚሰሙት መልስ የተለየ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ግማሹን ማኅበረሰብ ያላገኘ አሠራር ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ምርጥ ሊባል አይገባም እላለሁ፤ «ለወንድ ተማሪዎች የሠራ» ተብሎ በትክክለኛ ስሙ ቢመዘገብ ግን ለሚያሻሽለው ሰው ይጠቅማል።

ወጪውን በሚማሩት ያካፍሉ

ወጪ ሲሰላ የግዢው ዋጋ ብቻ ይያዝና የባትሪ ቅያሪ፣ የጥበቃ፣ የጥገና፣ የአስተባባሪና የካርድ ወጪ ይረሳል። ለማስረዳት ያህል ግምታዊ ቁጥር እንውሰድ። እያንዳንዱ 12,000 ብር የሆነ 40 ታብሌት 480,000 ብር ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 160,000 ብር ነው። አምስት ዓመት የሚቆይ የ150,000 ብር ሶላር በዓመት 30,000፣ የአስተባባሪ አበል 24,000፣ ጥገና 48,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው የዓመቱ ወጪ 262,000 ብር ይመጣል። በሪፖርቱ ላይ 300 ተማሪ ተመዝግቦ ከሆነ ወጪው በነፍስ ወከፍ ወደ 873 ብር ይመስላል። ትምህርቱን ዘልቀው ለውጥ ያሳዩት 100 ከሆኑ ግን 2,620 ብር ነው። ለውሳኔ የሚረዳዎት ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከዚያም «ረጂው ነገ ቢወጣ ይህን ገንዘብ ማን ይሸፍናል?» ብለው የወላጅ መምህር ኅብረቱን ይጠይቁ፤ መልሱ በጀት ላይ የሠፈረ መስመር ይሁን፤ ተስፋ ብቻ ከሆነ አይበቃም።

ቀምሮ በጥቂቱ መሞከር

ሰነዱን ሲጽፉ አሠራሩን ከሁኔታው ይለዩት። ቪዲዮውን በመሃል እያቆሙ ማወያየት የትም ሊሄድ የሚችል አሠራር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከአስፋልት ዳር መሆኑና የመብራት መስመር ማግኘቱ ግን የዚያ ቦታ ዕድል ነው። ያልሠራውንም ይጻፉ፤ ስንት ታብሌት እንደጠፋ፣ በየትኛው ወር ተሳታፊ እንደቀነሰ፣ ምን ተሞክሮ እንደተተወ። ይህ ክፍል የጎደለው ሰነድ ተረካቢውን ቀበሌ ያንኑ ስሕተት በራሱ ገንዘብ እንዲደግመው ያደርገዋል። የቦታው ሰዎች እንዳይቀየሙ ግን ረቂቁን መጀመሪያ ለእነሱ ያንብቡላቸው፤ ብዙ ጊዜ እርስዎ ያላዩትን እርምት የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ወረዳውን በሙሉ ከማዳረስዎ በፊት በሁለት ወይም በሦስት ቀበሌዎች ብቻ ይጀምሩት፤ አንዱ ከመንገድ የራቀና ኔትወርክ የማያገኝ ይሁን። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያችኑ የ60 ቃላት ወረቀት ለልጆቹ ያስነብቡ፣ ውጤቱን በስም መዝግበው በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጡ። አንድ የትምህርት ዘመን፣ ለግብርና ከሆነ ደግሞ አንድ ሙሉ የመኸር ወቅት ይጠብቁ። በመጨረሻም ሌላ ወረቀት በተመሳሳይ ደረጃ አዘጋጅተው፣ ቀኑን ሳያስነግሩ ተመልሰው ይሂዱና እነዚያኑ ልጆች በስማቸው አስጠርተው እንደገና ያስነብቧቸው።